አፈሩን ተከትሎ መቆፈር፦ የድንጋይ መሣሪያ በሚገኝበት የቅድመ ታሪክ ዋሻ ውስጥ ለሚሠሩ ጀማሪዎች የተዘጋጀ መመሪያ

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው የአርኪዮሎጂ ተማሪ ወይም አዲስ የጥናት ቡድን አባል ሆነው ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ዋሻ ቁፋሮ ለሚገቡ ሰዎች ነው። ከአገሩ የቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ያልተገኘለት ቁፋሮ ምንም ያህል በጥንቃቄ ቢሠራ በአብዛኛው አገር በሕግ ያስጠይቃል። ስለዚህ ከዚህ በታች የተጻፈው ሁሉ ፈቃዱ በእጅ እንዳለና ልምድ ያለው ኃላፊ በቦታው እንደሚገኝ ታሳቢ ያደረገ ነው።

ወደ ዋሻ የሚገባ ጀማሪ ዓይኑ ቶሎ የሚያርፈው በድንጋይ መሣሪያው ላይ ነው፤ ስለቱ የሚያብረቀርቅ ባልጩት ከአፈር ሲወጣ ልብ ይስባልና አይፈረድበትም። ሆኖም መሣሪያው ብቻውን የሚናገረው ጥቂት ነው። መቼ እንደተሠራ፣ ከየትኛው ምድጃ አጠገብ እንደተጣለ፣ ከየትኛው አጥንት ጋር አብሮ እንደተቀበረ የሚታወቀው ከያዘው ደለል ነው። በዋሻ ውስጥ ከሁሉም የሚከብደው ሥራም አንዱ የደለል ንጣፍ የት አልቆ ሌላው የት እንደሚጀምር፣ አፈሩ ከመነሣቱ በፊት ለይቶ ማየት ነው።

ይህ ድንበር ሳይታይ ሲቀር ምን እንደሚከተል በኢንዶኔዢያ ፍሎሬስ ደሴት የሚገኘው የሊያንግ ቡዋ ዋሻ ጥሩ ማስረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 እዚያ የተገኘውና በቀጣዩ ዓመት ለዓለም የተገለጸው ሆሞ ፍሎሬሴንሲስ የተባለ፣ ዛሬ የጠፋ የሰው ዝርያ አጽም በመጀመሪያ የተሰጠው ዕድሜ 18,000 ዓመት ገደማ ብቻ ነበር። ቁፋሮው እየሰፋ ሲሄድ ግን አጽሙን የያዘው አሮጌ ደለል በአንድ ወቅት ተሸርሽሮ ጎኑ እንደተቆረጠና፣ በዚያ በተቆረጠው ጎን ላይ እጅግ ወጣት የሆነ ሌላ ደለል ተደግፎ እንደተከማቸ ታወቀ። ለዕድሜ ልኬት የተወሰደው ከሰል የወጣቱ ደለል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ክለሳ አጽሞቹን ከ100,000 እስከ 60,000፣ ከእነርሱ ጋር የተያያዙትን የድንጋይ መሣሪያዎች ደግሞ ከ190,000 እስከ 50,000 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ አስቀምጧቸዋል። የላቦራቶሪው ልኬት እንከን አልነበረበትም። በጎንና በጎን የቆሙት ሁለቱ ደለሎች ጥልቀታቸው አንድ ዓይነት ስለነበረ፣ ዕድሜያቸውም አንድ መስሎ ታየ እንጂ።

ከቁፋሮ በፊት ዋሻውን መመርመር

የመጀመሪያዎቹ ቀናት አንድም ባልዲ አፈር ሳይነሣ በመመልከት ቢያልፉ ጊዜ ባከነ ማለት አይደለም። ደለል ወደ ዋሻ የሚገባበት መንገድ ብዙ ነው፤ ጣሪያው ይፈረከሳል፣ ነፋስ አቧራ ያስገባል፣ ጎርፍ ከአፉ ወይም ከጀርባ ስንጥቅ ጭቃ ይዞ ይመጣል፣ እንስሳት ፋንድያና አጥንት ይተዋሉ፣ ሰውም አመድና ድንጋይ ያከማቻል። ከእነዚህ የትኛው በየትኛው የዋሻው ክፍል እንደበረታ አስቀድሞ መገመት በኋላ በጉድጓዱ ግድግዳ ላይ የሚታየውን ለማንበብ ይረዳል። በተለይ ከጣሪያው ጠርዝ የዝናብ ውሃ የሚንጠባጠብበትን መስመር ልብ ይበሉ። በዚያ መስመር ላይ ደለል ይታጠባል፣ ይሸረሸራል፣ ድንበሮችም ይደበዝዛሉ። ከመስመሩ ወደ ውስጥ ያለው፣ ብርሃን የሚደርስበት ደረቅ ቦታ ብዙ ጊዜ ሰዎች የኖሩበት ነው፤ ከዋሻው አፍ ውጭ ያለው ቁልቁለት ደግሞ የጥንት ነዋሪዎች ቆሻሻ የተጣለበት ሊሆን ስለሚችል ከጥናቱ ውጭ መሆን የለበትም።

ቀድሞ የተነካካ ቦታ መኖሩንም ያጣሩ። የከብት ማደሪያ የነበረ፣ የሌሊት ወፍ ፋንድያ ለማዳበሪያ የተዛቀበት፣ ሀብት ፈላጊዎች የቆፈሩት ወይም የቆየ የጥናት ጉድጓድ ያለበት ዋሻ ጥቂት አይደለም። አሮጌ ጉድጓድ ካለ ጥቅም አለው፤ ግድግዳውን በጥንቃቄ ማጽዳት ብቻውን አዲስ ደለል ሳይነካ የንጣፎቹን ቅደም ተከተል ያሳያል።

ስለ ደኅንነት ባጭሩ፦ የጣሪያው ድንጋይ መርጋቱን ባለሙያ ይፈትሽ፤ የራስ መከላከያ ቆብ ሁልጊዜ ይደረግ፤ የሌሊት ወፍ ፋንድያ ባለበት ቦታ ሳንባን የሚጎዳ ሂስቶፕላዝማ የተባለ ፈንገስ ሊኖር ስለሚችል ከፊት ጋር በደንብ የሚገጥም ማስክ ያስፈልጋል። ጉድጓዱ ከወገብ በላይ ሲጠልቅ ግድግዳውን በደረጃ መሥራት ወይም መደገፍ ግድ ነው።

የመለኪያ ሥርዓቱን መዘርጋት

ሁሉም ልኬት የሚነሣበት ቋሚ ነጥብ በዋሻው ጽኑ ዐለት ላይ በብረት ቡሎን መተከል አለበት። በአፈር ላይ የተተከለ ችካል ሰው ሲረግጠው ይነቃነቃል። አንድ ነጥብ ብቻ ሲጠፋ ሥራው ሁሉ መነሻ ስለሚያጣ፣ በተለያየ የግድግዳ ክፍል ላይ ሦስት ወይም አራት ተጨማሪ ነጥቦች ይመዝገቡ። ጥልቀት የሚለካው ከዚህ ነጥብ ወደ ታች እንጂ ከመሬቱ ገጽ አይደለም፤ የዋሻ ወለል ተዳፋት ስለሆነ ከገጹ የተለካ ጥልቀት በሁለት ሜትር ርቀት ውስጥ ትርጉሙን ሊያጣ ይችላል።

ከዚያ ወለሉ በ1 ሜትር ካሬዎች ይከፈላል፤ በአንዱ አቅጣጫ ፊደል፣ በሌላው ቁጥር ይሰጣል። እያንዳንዱ ካሬ ደግሞ 50 በ50 ሴንቲ ሜትር ወደሆኑ አራት ሩቦች ይከፈላል። ቶታል ስቴሽን የተባለው ርቀትንና ማዕዘንን የሚለካ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ ካለ ሥራው ይፈጥናል፤ ከሌለም በሲባጎ፣ በቱንቢ፣ በውሃ ልክና በሜትር በትክክል መሥራት ይቻላል። እንዲያውም ዊልያም ፔንጌሊ በእንግሊዝ አገር በኬንትስ ካቨርን ዋሻ እ.ኤ.አ. ከ1865 እስከ 1880 ሲቆፍር ደለሉን ርዝመታቸው አንድ ያርድ፣ ስፋታቸውና ውፍረታቸው አንድ አንድ ጫማ ወደሆኑ ክፍሎች ከፋፍሎ የእያንዳንዱን ግኝት ቦታ መዝግቧል፤ በዚህም የተነሣ ስብስቡ ዛሬም ድረስ ለጥናት ያገለግላል። መሣሪያው ከዘመነ በኋላ ምዝገባው ከፔንጌሊ ያነሰ ሆኖ ሲገኝ ግን ያሳዝናል።

ዋሻውን ሙሉ በሙሉ መቆፈር አይገባም። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1956 በኒው ዴልሂ ያጸደቀው የቁፋሮ መርሖዎች ምክረ ሐሳብም የተወሰነ ክፍል ሳይነካ ለኋለኞች እንዲተው ይጠይቃል። ከድሬዳዋ አቅራቢያ የሚገኘው የፖርክ ኤፒክ ዋሻ እ.ኤ.አ. በ1933 ከተቆፈረ በኋላ በ1970ዎቹ አጋማሽ ሌሎች ተመራማሪዎች በተሻለ ዘዴ ሊመለሱበት የቻሉት የተረፈ ደለል ስለነበረ ነው።

ንጣፉን መለየትና መግፈፍ

ቁፋሮ የሚካሄደው ደለሉ ከተከማቸበት ቅደም ተከተል በተቃራኒ፣ ማለትም የመጨረሻውን መጀመሪያ በማንሣት ነው። ንጣፉ ወፍራም ከሆነ ከ2 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባላቸው ንዑስ ደረጃዎች ይከፈላል፤ ነገር ግን እነዚህ ደረጃዎች የንጣፉን ተዳፋት የሚከተሉ መሆን አለባቸው። ንጣፉ ወደ ዋሻው ጀርባ አዘቅዝቆ ሳለ ጠፍጣፋ አድርጎ መቁረጥ በአንድ ባልዲ ውስጥ የሁለት ወይም የሦስት ዘመን ዕቃ መቀላቀል ነው። ንዑስ ደረጃው የንጣፍ ድንበር በደረሰበት ቦታ ውፍረቱ 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢሆንም እዚያው ይቆማል፤ ለተከታዩ ንጣፍ አዲስ ቁጥርና አዲስ ባልዲ ይወጣል።

ድንበሩን ለማየት ዓይን ብቻውን አይበቃም። ቀለሙ የሚወሰነው በግምት ሳይሆን በመንሰል የቀለም ሠንጠረዥ ሲሆን፣ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት የእርጥበት ሁኔታና በአንድ ዓይነት መብራት ሊታይ ይገባል፤ ቢጫ አምፖል ሥር ቡናማ የመሰለው ደለል በነጭ ብርሃን ግራጫ ሆኖ ይገኛልና። ጥቂቱን በውሃ አርሶ በጣት መካከል ማሸት አሸዋነቱን ወይም ሸክላነቱን ይነግራል። ልምድ ያለው ቆፋሪ የመፋቂያው ድምፅ ሲለወጥም ያውቃል፤ ልል አመድ ዝም ይላል፣ የተጠቀጠቀ ወለል ይንኳኳል፣ የጣሪያ ፍርካሽ የበዛበት ደለል ይፍጨረጨራል። የጉድጓዱን ግድግዳ በቀጭኑ ውሃ እየረጩ መብራቱን ከጎን ማብራት በፊት ለፊት ብርሃን የማይታዩ መስመሮችን ያወጣል። እኔ እንደማምነው፣ ጀማሪ ከሚሠራበት ካሬ አጠገብ ቀድሞ የተቆፈረ ጉድጓድ ቢኖር ይመረጣል፤ ንጣፉን ከላይ ብቻ ሳይሆን ከጎኑም እያየ ስለሚሠራ ስሕተቱ ይቀንሳል። ለዚህ ሲባል የመጀመሪያው ካሬ በጠባቡ ተቆፍሮ እንደ መስኮት ያገለግላል፤ የእርሱ ግኝቶች ከሌሎቹ ያነሰ እርግጠኝነት እንዳላቸው በመዝገብ ይጻፋል።

የእንስሳት ጉድጓድ የቆፋሪው ዋና ጠላት ነው። አይጥና ጃርት ከላይ ያለውን አፈር ወደ ታች፣ ከታች ያለውን ወደ ላይ ያደርሳሉ። ምልክቱ ክብ ወይም ሞላላ ቅርጽ፣ ከአካባቢው የላላ ሙላትና ብዙውን ጊዜ የተለየ ቀለም ነው። እንዲህ ያለ ሙላት በመጀመሪያ ለብቻው ወጥቶ በራሱ ቁጥር መታሸግ አለበት። በኢራቅ ኩርዲስታን በሻኒዳር ዋሻ፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ራልፍ ሶሌኪ መቆፈር በጀመሩበት ቦታ፣ ኒያንደርታል በተባለ የጠፋ የሰው ዝርያ አንድ አጽም አካባቢ የተገኘው የአበባ ብናኝ ሟቹ በአበባ ታጅቦ እንደተቀበረ ማስረጃ ተደርጎ ነበር፤ ሌሎች ተመራማሪዎች ግን ብናኙን አይጥ መሰል እንስሳት ወይም ንቦች አስገብተውት ሊሆን እንደሚችል አሳይተዋል። ክርክሩ ለአሥርት ዓመታት የዘለቀው በአጽሙ ዙሪያ የትኛው አፈር የማን እንደሆነ ማረጋገጥ ስላስቸገረ ነው።

ድንጋዩ ሲታይ ምን ይደረጋል

የድንጋይ መሣሪያ ጫፉ ብቅ ሲል በጣት ወይም በብረት ጎትቶ ማውጣት ፈጽሞ የተከለከለ ነው። በዙሪያው ያለው አፈር በቀርከሃ ወይም በእንጨት ስንጥርና በለስላሳ ብሩሽ ዝቅ ይደረጋል፤ ብረት በስለቱ ላይ የሚተወው ጭረት በኋላ በማይክሮስኮፕ ሲታይ የጥንት ሰው አጠቃቀም ምልክት ሊመስል ይችላል። ድንጋዩ ሙሉ በሙሉ ተጋልጦ ከፎቶግራፍና ከልኬት በኋላ ብቻ ይነሣል። በብዙ ቡድኖች ዘንድ ከ2 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ማንኛውም ግኝት በሦስት ልኬት፣ ማለትም በርዝመት፣ በስፋትና በጥልቀት አቅጣጫ ይመዘገባል፤ ረዘም ያለ ከሆነ ሁለቱም ጫፎቹ ይለካሉ። ሁለተኛው ልኬት የሚያሰለች ቢመስልም ዋጋው ትልቅ ነው። በአንድ ንጣፍ ውስጥ ያሉ ረጃጅም ድንጋዮችና አጥንቶች በአንድ አቅጣጫ ተደርድረው ከተገኙ ያስቀመጣቸው ውሃ ሊሆን ይችላል፤ ያ ከሆነ ደግሞ የሰዎቹ መኖሪያ ወለል ነው ብሎ መተረክ አይቻልም።

በሰው እጅ የተሠራውን ድንጋይ ተፈጥሮ ከሰበረው መለየት ልምምድ ይጠይቃል። ከእናት ድንጋይ ላይ በምት የተነሣ ፍንካች ምቱ ያረፈበት ጠባብ ገጽ፣ ከዚያ ገጽ ሥር በሆዱ በኩል ያበጠ ጉብታ፣ ከጉብታው የሚነሡ የሞገድ መስመሮች፣ በጀርባው ደግሞ ቀደም ብለው የተነሡ ፍንካቾች ጠባሳ ይታይበታል። እነዚህ ምልክቶች በባልጩት ላይ ግልጽ ናቸው፤ በኳርትዝ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ይደበዝዛሉ፣ ስለዚህ ኳርትዝ በበዛበት ዋሻ የሚጣለው ነገር ከሚያዘው ሊበልጥ የሚችልበት አደጋ አለ። በጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ ፍርድ መስጠት አያስፈልግም። የዋሻው ዐለት ከኖራ ድንጋይ ከሆነ፣ የኖራ ድንጋይ ያልሆነ ስባሪ ሁሉ ከውጭ የገባ ሊሆን ስለሚችል ይያዝ፤ ምርጫው ለላቦራቶሪ ይተው።

እያንዳንዱ መሣሪያ በራሱ ትንሽ ከረጢት ይገባል። አንድ ላይ የታጨቁ ባልጩቶች በመንገድ ላይ ስለታቸውን ይበላላሉ። በስለት ላይ የደም፣ የእንጨት፣ የሙጫ ወይም የቀይ አፈር ቅሪት ሊኖር ስለሚችል የተመረጡ መሣሪያዎች በጓንት ተነሥተው ሳይታጠቡ፣ ከዙሪያቸው ከተወሰደ ጥቂት አፈር ጋር ይቀመጣሉ፤ አፈሩ ቅሪቱ ከመሣሪያው አጠቃቀም የመጣ መሆኑን ወይም ከደለሉ የተጣበቀ መሆኑን ለማነጻጸር ያገለግላል።

ወንፊት

ከጉድጓዱ የሚወጣ አፈር ሁሉ፣ አንድም ባልዲ ሳይቀር፣ ይነፋል። በየባልዲው ላይ ካሬው፣ ሩቡ፣ ንጣፉ፣ ንዑስ ደረጃው፣ ቀኑና የቆፋሪው ስም ይጻፋል። የ5 ሚሊ ሜትር ወንፊት ለፍጥነት ቢመችም ትናንሽ ስለቶችን ያሳልፋል፤ ስለዚህ ቀጥሎ በ2 ሚሊ ሜትር፣ ከተቻለም በ1 ሚሊ ሜትር ወንፊት በውሃ ማጣራት ይገባል። በአንድ ባልዲና በሌላው መካከል ወንፊቱ ካልጸዳ የጠዋቱ ንጣፍ በከሰዓቱ ውስጥ ይገኛል።

ብናኝ ፍንካቾችን መልቀም አሰልቺ ከመሆኑ የተነሣ ብዙዎች ይለግሙበታል፤ ይሁንና ከትልልቆቹ መሣሪያዎች የማይገኝ መረጃ የሚሰጡት እነርሱ ናቸው። ድንጋይ ሲጠረብ እጅግ ብዙ ብናኝ ይረግፋል፤ ትልልቁ ከትናንሹ ጋር በአንድ ሩብ ውስጥ ከተገኘ ጥረባው እዚያው እንደተካሄደና ውሃ ብዙ እንዳልነካው ያመለክታል። ትልልቁ ብቻ ከተገኘ፣ ወይ መሣሪያዎቹ ሌላ ቦታ ተሠርተው መጥተዋል፣ ወይ ውሃ ቀላሉን አጥቦ ወስዷል፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ የሚፈርደው የረጃጅሞቹ ድንጋዮች አቅጣጫና የደለሉ ባሕርይ ነው።

ምድጃና የናሙና አወሳሰድ

ቀይ፣ ጥቁርና ነጭ ሽፋኖች ተደራርበው ሲታዩ ምድጃ ሊሆን ስለሚችል ሥራው ይቆማል። በመጀመሪያ ግማሹ ብቻ ተነሥቶ የቀረው ግማሽ በግድግዳው ላይ እንዲታይ ይደረጋል። ከዚያ ያልተነካ የደለል ብሎክ በጀሶ ፋሻ ተጠቅልሎ፣ ላዩና አቅጣጫው ምልክት ተደርጎበት ይወጣል፤ በላቦራቶሪ በሙጫ ከደረቀ በኋላ 30 ማይክሮን ያህል ውፍረት ባለው ስስ ቁራጭ ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ይታያል። በደቡብ አፍሪካ በሚገኘው የሲቡዱ ዋሻ ከ77,000 ዓመት በፊት ከሣርና ከቅጠል የተነጠፈ መኝታ እንደነበረ፣ በኋላ ዘመን ደግሞ ነዋሪዎቹ መኝታቸውን እየደጋገሙ ያቃጥሉ እንደነበር ለማወቅ የረዳው ይኸው ዘዴ ነው። በመፋቂያ ብቻ ቢኬድ ኖሮ የሚቀረው ጥቁር አፈር ነበር።

ለዕድሜ ልኬት የሚወሰደው ናሙና እንደ ዘዴው ይለያያል። ከሰል በንጹሕ ብረት መቆንጠጫ ተነሥቶ በአልሙኒየም ፎይል ይጠቀለላል፤ ጥጥና ወረቀት ራሳቸው ካርቦን ስላላቸው አይነኩትም። የራዲዮካርቦን ልኬት የሚያገለግለው እስከ 50,000 ዓመት ገደማ በመሆኑ፣ ከዚያ ለሚበልጥ ደለል የአሸዋ ቅንጣቶች ለመጨረሻ ጊዜ ብርሃን ያዩበትን ጊዜ የሚለካው ዘዴ ይመረጣል። ለዚህ ብርሃን የማያስገባ የብረት ቱቦ በጸዳው ግድግዳ ውስጥ በመዶሻ ይገባል፣ ጫፎቹም ወዲያው ይታሸጋሉ። ቱቦው በአንድ ንጣፍ መካከል እንጂ በድንበር ላይ ወይም በትልቅ ድንጋይ አጠገብ መግባት የለበትም፤ በ30 ሴንቲ ሜትር ዙሪያ ያለው ነገር የሚያመነጨው ጨረር በስሌቱ ውስጥ ይገባልና። ለጥንታዊ ዲኤንኤ ደግሞ አጥንት ባይኖር እንኳ ደለሉ ራሱ ይበቃ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ ጥናት፣ በሳይቤሪያ የሚገኘውን የዴኒሶቫ ዋሻ ጨምሮ ከተለያዩ ዋሻዎች ደለል የጥንት ሰዎች ዲኤንኤ ተገኝቷል። ይህን ናሙና የሚወስድ ሰው ጓንት፣ ማስክና ንጹሕ ልብስ ለብሶ፣ አዲስ ከተፋቀ ግድግዳ ላይ፣ ከታች ወደ ላይ እየሄደ ይወስዳል፤ ከላይ ከተጀመረ የሚረግፈው አፈር የታችኛውን ይበክለዋል።

መዝገብ፣ ፍተሻና መዝጋት

የእያንዳንዱ ንጣፍ ቅጽ በዚያው ቀን፣ ጉድጓዱ አጠገብ ሆኖ ይሞላል። የታየውና የተገመተው በተለያየ ቦታ ይጻፉ፤ «ልል፣ ግራጫ፣ ከሰል የበዛበት» የታየ ሲሆን «የተጠረገ ምድጃ» ግን ግምት ነው። ግድግዳዎቹ በ1፡10 መጠን በእጅ ይሣላሉ። ከብዙ ፎቶግራፍ የሚሠራው ባለ ሦስት ልኬት ምስል በጣም ጠቃሚ ቢሆንም የእጅ ሥዕልን አይተካም፤ የሚሥል ሰው በእያንዳንዱ መስመር ላይ ድንበር አለ ወይስ የለም ብሎ ለመወሰን ይገደዳል፣ ካሜራ ግን አይገደድም። የንጣፎቹ ዝምድና እ.ኤ.አ. በ1973 ኤድዋርድ ሃሪስ ባወጡት ሠንጠረዥ ይደራጃል።

በላቦራቶሪ ደግሞ ፍንካቾችን መልሶ ከተነሡበት እናት ድንጋይ ጋር የማጋጠም ሥራ አለ፤ ይህ የጥንቱን ጠራቢ እጅ ከማሳየቱ በተጨማሪ የራሳችንን የንጣፍ አለያየት ይፈትናል። ሁለት የሚጋጠሙ ቁራጮች ከአንድ ንጣፍ ከወጡ መልካም ነው። 40 ሴንቲ ሜትር ከሚራራቁ ሁለት ንጣፎች ከወጡና ይህም በተደጋጋሚ ከታየ፣ ወይ ደለሉ ተረብሿል፣ ወይ ሁለት ያልናቸው ንጣፎች አንድ ናቸው፤ ሥዕሉና ቅጹ እንደገና ይመረመራሉ።

የቁፋሮው ወቅት ሲያልቅ ጉድጓዱ ክፍት አይተውም። ግድግዳዎቹ ውሃና አየር በሚያሳልፍ ጠንካራ ጨርቅ ይሸፈናሉ፤ ከጨርቁ ፊት ጥንታዊ ቅሪት የሌለበት አሸዋ የተሞላባቸው ማዳበሪያ ከረጢቶች ከታች ጀምሮ ይደረደራሉ። ከጉድጓዱ የወጣውን አፈር መልሶ ማስገባት የሚቻለው በወንፊት ካለፈ ብቻ ሲሆን፣ ከጨርቁ በታች የዓመቱን ሳንቲም ወይም ቀን የተጻፈበት የፕላስቲክ ሰሌዳ ማስቀመጥ ለቀጣዩ ቆፋሪ የተነካው የት እንደሚያበቃ ይነግረዋል። የቋሚ ነጥቦቹ ልኬትና ሥዕላዊ አቀማመጥ ከመዝገቡ ቅጂ ጋር ፈቃዱን ለሰጠው መሥሪያ ቤት ይገባል።